ኮዱን እንክፈተው ወይስ እንዝጋው? ለትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የምርጫ መመሪያ

አዳማ ውስጥ የመድኃኒት መደብር ያላቸው አንዲት ደንበኛ አሉን። ሶፍትዌራችንን ልናሳያቸው የሄድን ቀን ገለጻችንን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አሳዩን። አቧራ እንዳይገባበት በነጠላ ቁራጭ ተሸፍኗል።

"ይኼ ይታያችኋል? የሦስት ዓመት ሒሳቤ እዚህ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ልጆች ተበትነዋል። ሌላ ማሽን ላይ አይከፈትም። እሱ የተበላሸ ቀን ሒሳቤም አበቃለት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እናንተስ ነገ ብትበተኑ ማን ይይዝልኛል?"

"እትዬ፣ እኛ አንበተንም" አልኳቸው። ያኔ ስድስት ሰዎች ነበርን። የቢሮ ኪራይ የምንከፍለው በየሦስት ወሩ እየተጨነቅን ነው። መልሴ ለእሳቸው አልተዋጠላቸውም። ለእኔም አልተዋጠልኝም።

በዚያው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ግማሾቻችን "ኦፕን ሶርስ እናድርገው፣ ማንም ይዞ ሊጠግንላቸው ይችላል" አልን። ሌሎቹ "የአራት ዓመት ላባችንን ሜዳ ላይ ልንበትነው ነው?" አሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። ከሁለት እስከ ሃያ ሰው ሆናችሁ የራሳችሁን ምርት ለምትሸጡ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ቀድመን እንግባባ። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ (ፕሮግራመሮች የጻፉት የሶፍትዌሩ ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮድ የሚባለው) ለሰው መታየቱ ብቻ አይደለም። ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረው፣ መልሶ እንዲያከፋፍለው፣ ከፈለገም እንዲሸጠው ፈቃድ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የሚጠብቀው ትርጉም ይኼ ነው። ብዙ ክርክር የሚበላሸው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

መጀመሪያ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ቁጠሩ

"ክፍት ይሻላል ወይስ ዝግ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። መልስ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። ደንበኛው ገንዘቡን የሚሰጣችሁ ለምንድን ነው?

ይህን በግምት አትመልሱት። ያለፉትን 12 ወራት ደረሰኞች አውጡና በአራት ክምር ለዩአቸው። አንደኛው ለሶፍትዌሩ ለራሱ የተከፈለ ነው፤ የፈቃድ ወይም የቅጂ ዋጋ። ሁለተኛው ለተከላና ለሥልጠና የተከፈለ ነው። ሦስተኛው ዓመታዊ ድጋፍ ነው፤ ሲደወል ለማንሳት፣ ሲበላሽ ሄዶ ለመጠገን። አራተኛው "ይኼን ሪፖርት ጨምሩልኝ" ለሚል ልዩ ሥራ ነው።

እኛ ስንቆጥር ደነገጥን። ራሳችንን ምርት ሻጭ አድርገን ነበር የምናየው። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የገባው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ክምር ነበር። ደንበኞቻችን የገዙት ኮድ አልነበረም። ሰኔ 30 ማታ የዕቃ ቆጠራ ላይ እያሉ ሲስተሙ ቀጥ ሲል ስልክ የሚያነሳ ሰው ነበር የገዙት።

ገንዘባችሁ በብዛት ከአንደኛው ክምር የሚመጣ ከሆነ፣ ኮዱን መክፈት ማለት የምትሸጡትን ዕቃ በር ላይ በነጻ ማስቀመጥ ነው። ከሌሎቹ ሦስቱ የሚመጣ ከሆነ ግን ኮዱ ቢከፈትም የሚከፈላችሁ ነገር እጃችሁ ላይ ይቀራል። የቀረውን ሁሉ ይህን ቁጥር ይዛችሁ አንብቡት።

ሙሉ በሙሉ ዝግ

አብዛኞቻችን ያለነው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜም ስህተት አይደለም። ዋጋውን የምትተምኑት እናንተ ናችሁ። ተፎካካሪ ውስጡን አያይም። ኮዳችሁ ውስጥ ሌላው በቀላሉ የማይደርስበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሥራ ዓመታት ፈጅታችሁ ከሠራችሁ፣ ያንን አትክፈቱት። ለብዙ ሰው በትንሽ ዋጋ፣ ፊት ለፊት ሳትገናኙ የምትሸጡት መተግበሪያ ከሆነም ዝግ ይሻላል። እዚያ ላይ የሚከፈላችሁ ለቅጂው ብቻ ነው።

እኛ አገር ግን ዝግ መሆን የሚሰጠው መከላከያ ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ስንት ቢሮ ውስጥ ነው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የተሰበረ፣ የፒችትሪ ሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራው? ሰዉ ሶፍትዌርን በፍላሽ እየተቀባበለ ነው የለመደው። ኮዱን መዝጋት መቅዳትን አያቆምም። የሚያቆመው ሌላ ሰው ኮዱን እንዳያሻሽለው ነው። የተቀዳ ቅጂ የያዘ ሰው ደግሞ ሲቸግረው የሚደውልለት የለውም። ስለዚህ ዝግ ምርት ይዛችሁም ቢሆን የሚያኖራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ድጋፉ ነው።

ዝግ ለመሆን ከወሰናችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ኮዱን ዝጉ፣ የደንበኛውን ዳታ ግን አትዝጉ። ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለ መስፈርት 3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል እስኪያስገባ ድረስ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደላቱን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር ነበር የሚያስቀምጡት። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ በዚያ ዘመን የተጻፈ፣ ፎንቱ የጠፋበት ፋይል ዛሬም አለ። የአዳማዋ ደንበኛችን አሮጌ ኮምፒውተርም ያው ነው። ሁሉንም መዝገብ ወደ ኤክሴል የሚያወጣ ቁልፍ ሥሩ። ለመሥራት ሁለት ሳምንት ቢፈጅባችሁ ነው። ደንበኛውን ግን ከእስራት ያወጣዋል።

ዝግ ሆኖ በአደራ

ይህን አማራጭ ብዙ ሰው አያነሳውም። እኔ ግን ለትንሽ ድርጅት ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው እላለሁ።

ደንበኛ "ብትበተኑስ?" ሲል የሚጠይቀው ኦፕን ሶርስ አይደለም። ዋስትና ነው። ዋስትናውን በውል መስጠት ይቻላል። ሶርስ ኮዱ ጠበቃ ወይም ሌላ ገለልተኛ ሰው ጋ፣ ወይም ታሽጎ ደንበኛው ራሱ ጋ በአደራ ይቀመጣል። ድርጅቱ ከተዘጋ፣ ወይም ለምሳሌ ለ60 ቀናት ድጋፍ ሳይሰጥ ከቀረ፣ ደንበኛው ፖስታውን ከፍቶ በሌላ ባለሙያ ማስጠገን ይችላል። ለራሱ ሥራ ብቻ ነው፤ ለሌላ አይሸጠውም።

የአዳማዋን ደንበኛችንን ያረጋጋናቸው እንዲህ ነው። ኮዱን በፍላሽ አድርገን ፖስታ ውስጥ ከተትነው። በማሸጊያው ላይ እኔም እሳቸውም ፈረምን። ከቤት ካርታቸው ጋር ካዝና ውስጥ ቆለፉት። በየስድስት ወሩ አዲስ ፍላሽ እንወስድላቸዋለን፤ አሮጌውን እንቀበላለን።

አደራው እውነተኛ እንዲሆን ኮዱ ብቻ አይበቃም። ሶፍትዌሩ ከዜሮ እንዴት እንደሚተከል የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮ ይግባ። ከዚያ ምርቱን ለማያውቅ አንድ ፕሮግራመር ስጡትና ይሞክረው። እኛ ስናስሞክር ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ሊያስነሳው አልቻለም። አንድ ፋይል በእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር የሚገኘው። ያንን ባናገኝ ኖሮ እሳቸው ካዝና ውስጥ ያለው ፖስታ ባዶ እንደሆነ ይቆጠር ነበር።

ስለ ጨረታም አንድ ቃል። ብዙ የጨረታ ሰነዶች ላይ "ሶርስ ኮዱን ያስረክባል" የሚል መስመር ይገኛል። የኮዱን ቅጂ መስጠትና የኮዱን ባለቤትነት ማስተላለፍ የተለያዩ ናቸው። ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ አስጽፉ።

ሙሉ በሙሉ ክፍት

እዚህ ላይ የምወደው ታሪክ ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ሌቪን በምትባል የኒውዚላንድ ትንሽ ከተማ ያለ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 (ከዚህ በኋላ በውጭ ድርጅቶች ታሪክ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሚጠቀምበት ሲስተም 2000ን ይሻገራል ብሎ አላመነም። ካቲፖ ለሚባል ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አዲስ እንዲሠራለት ሰጠ። ሥራው ጃንዋሪ 2000 ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ድርጅቱና ቤተ መጻሕፍቱም ኮዱን ጂፒኤል በሚባል የኦፕን ሶርስ ፈቃድ (ወደ ታች እመለስበታለሁ) ከፈቱት። ኮሃ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ያውም ብድሩ እንዲመለስ የሚጠበቅበት ስጦታ።

ስጦታው ብድሩን መለሰ። ዛሬ ኮሃ በብዙ አገሮች ይሠራል፤ እኛም አገር የሚጠቀሙበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ። አንዲት ትንሽ ከተማ የከፈለችበትን ሶፍትዌር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ድርጅቶች ያሻሽሉላታል። ካቲፖም የኮሃ ሥራውን በ2007 ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት ሸጠ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን መራራ ነው። ያ የአሜሪካ ድርጅት በኋላ ለሌላ ተሸጠ። የፕሮጀክቱ ዋና ድረ ገጽ በእነሱ እጅ ስለነበር ማኅበረሰቡ አዲስ አድራሻ ከፍቶ መውጣት ግድ ሆነበት። በዚህ ላይ "ኮሃ" የሚለው ስም በኒውዚላንድ በንግድ ምልክትነት በስማቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ። ቤተ መጻሕፍቱ ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከዓለም ዙሪያ መለመን ነበረበት። ውሳኔው ለቤተ መጻሕፍቱ የተሰጠው በ2013 መጨረሻ ነው። ኮዱን ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ ፈቃዱ ጠብቆታል። ስሙን ግን የጠበቀው አልነበረም። ከፍታችሁ ከሆነ የምትሰጡት ኮዱን ነው፤ ስሙን አጥብቃችሁ ያዙ።

መክፈት የሚያዋጣው ማንን ነው? ደረሰኛችሁ በድጋፍና በተከላ የተሞላ ከሆነ፣ ምርታችሁን ብዙ ሌሎች ባለሙያዎች ሊተክሉት የሚችሉ ከሆነ፣ ደንበኞቻችሁም እንደ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ያሉ ለረጅም ዘመን የሚያስቡ ተቋማት ከሆኑ ያዋጣል። ጤና ሚኒስቴራችን የጤና መረጃ ለማሰባሰብ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ዓይነት ተቋም በአንድ ሻጭ እጅ ላለመውደቅ ሲል ክፍትነትን እንደ ጥራት ይቆጥረዋል።

ምን ፈቃድ ስር?

ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኤምአይቲና አፓቼ ልል ፈቃዶች ናቸው። ስማችሁን ይጥቀስ እንጂ ማንም ወስዶ ዝግ ምርት ውስጥ ሊከተው ይችላል። ጂፒኤል ጠበቅ ይላል። የተሻሻለውን ለሌላ ሲሰጥ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። ነገር ግን ሶፍትዌሩን በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በኢንተርኔት ብቻ የሚያከራይ ሰው ለማንም "አልሰጠም"። ይህን ክፍተት የዘጋው በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል ነው። በኔትወርክ ለሚጠቀሙትም ኮዱን እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

ኢስቶኒያ የተመዘገበ ፕሎዚብል የሚባል ትንሽ ድርጅት አለ። የድረ ገጽ ጎብኚ ቆጣሪ ነው የሚሸጠው። ሲጀምር በኤምአይቲ ነበር። በ2020 ወደ ኤጂፒኤል ዞረ፤ ምክንያቱም ሌላው ሥራቸውን ወስዶ ምንም ሳይመልስ ዝግ ተፎካካሪ እንዳያደርገው ነው። ራሱ መትከል የሚችል በነጻ ይተክላል። መትከል የማይፈልግ በየወሩ ይከፍላቸዋል። ይህ ለትንሽ ድርጅት ንጹሕ ሞዴል ይመስለኛል።

ስለዚህ የምርት ሙሉ ኮድ የምትከፍቱ ከሆነ ምክሬ ኤጂፒኤል ነው። ልል ፈቃድ ለቁርጥራጭ ኮድ ይሁን።

ስለ ስጋትም በትክክል እናስብ። የውጭ ጽሑፎች ሁሉ የሚያስፈራሩት በአማዞን ነው። እውነት ነው፤ የፍለጋ ሶፍትዌር የሚሠራው ኢላስቲክ በ2021 ፈቃዱን ሲቀይር አማዞን ኮዱን ፎርክ አድርጎ፣ ማለትም ቀድቶ በራሱ መንገድ አስቀጥሎ፣ ኦፕንሰርች ብሎ አወጣው። አማዞን ግን አዳማ ወርዶ መድኃኒት መደብር አይተክልም። የእኛ ስጋት እዚያው ሕንጻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሌላ ትንሽ ድርጅት ነው። የእናንተን ኮድ ወስዶ ሎጎውን ቀይሮ በግማሽ ዋጋ ጨረታ ይገባል። ኤጂፒኤል መሸጡን አይከለክልም፤ የሚያስገድደው የለወጠውን ኮድ በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥና የመብት ማስታወሻችሁን እንዳያጠፋ ነው። ያንንም ከሶ ማስፈጸም ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የዚህ ሰው ፉክክር የሚያሳስባችሁ ከሆነ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ኮዱን በእጁ ይዞ እናንተ የምትሰጡትን አገልግሎት ያህል መስጠት ይችላል? መልሱ "አዎ፣ በቀላሉ" ከሆነ አትክፈቱ።

ግማሽ ክፍት

መሠረቱ ክፍት፣ ተጨማሪው የሚሸጥ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ ኦዱ ነው። ቤልጅየም ውስጥ የተጀመረ፣ በ2015 ክፍት የማኅበረሰብ እትምና የሚከፈልበት የድርጅት እትም ብሎ የተከፈለ የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ክፍቱን እትም ተክለው የሚኖሩ የአዲስ አበባ ድርጅቶች አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ኪራይ የከበደው ደንበኛ "ክፍቱ ኦዱ አይሻለንም?" እያለ እኛንም ይጠይቀናል።

የዚህ መንገድ ፈተናው ድንበሩ ነው። ክፍቱን በጣም ካሳነሳችሁት ማንም አይነካውም። በጣም ካሟላችሁት ማንም አይከፍልም። ኦዱ ሙሉውን የሒሳብ ሥራ ወደሚከፈልበት እትም ሲያሸጋግር ብዙ ተጠቃሚ ቅር ተሰኝቷል። ለፕሮግራመሮች የሥራ መድረክ የሚሸጠው ጊትላብ የሚከተለው መለያ ጥሩ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው የሚፈልገው ነገር ክፍት ይሁን፤ አለቃው የሚፈልገው ይሸጥ። በመድኃኒት መደብር ብንተረጉመው ሽያጭ መመዝገብና መጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒት ማስጠንቀቅ ክፍት ይሆናል። የአምስት ቅርንጫፍ ሪፖርት በአንድ ላይ ማየት ይከፈልበታል።

ሰው ቢያንስም ይቻላል። ማይክ ፐርሃም ሳይድኪክ የሚባለውን የፕሮግራመሮች መሣሪያ መሠረቱን ክፍት አድርጎ፣ የተሻሻለውን እትም እየሸጠ ለብቻው ድርጅት አቁሞበታል። ግን ልብ በሉ፤ የእሱ ደንበኞች ፕሮግራመሮች ናቸው። ኮዱን አይተው፣ ሞክረው፣ ራሳቸው ተክለው ነው የሚገዙት። የእኔ ደንበኛ ኮድ አይቶ አይገዛም። ሰው አይቶ ነው የሚገዛው። ደንበኞቻችሁ ፕሮግራመሮች ካልሆኑ ግማሽ ክፍት የሚያመጣላችሁ አዲስ ገዢ ትንሽ ነው፤ የሁለት እትም ጣጣ ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

የሚታይ ግን ክፍት ያልሆነ

ኮዱ ለሁሉም ይታያል፣ ተፎካካሪ እንዲነግድበት ግን አይፈቀድም። ጊዜው ሲደርስ በራሱ ኦፕን ሶርስ ይሆናል። ማሪያዲቢ የተባለው የዳታቤዝ ድርጅት ባወጣው ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ ጊዜው እስከ አራት ዓመት ነው። የሶፍትዌር ስህተት መከታተያ የሚሸጠው ሰንትሪ በ2023 ባወጣው ፈቃድ ሁለት ዓመት ነው። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ለትንሽ ድርጅትም ይሆናል። "ኦፕን ሶርስ ነን" ብላችሁ ግን አታስተዋውቁ፤ አይደለም። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዛችኋል፣ እምነቱም ይጠፋል።

ቁራጯን ብቻ መክፈት

እኛ በመጨረሻ የመረጥነው ይህን ነው። ዋናው ምርት ዝግ ሆኖ በአደራ፣ ጎን ያሉት ቁርጥራጮች ክፍት።

የእኛ ሲስተም ሁለት የቀን አቆጣጠር ይዞ ነው የሚሠራው። የመድኃኒቱ መጠቀሚያ ጊዜ በፈረንጅ ነው የሚታተመው። የሽያጭ ሪፖርቱ ግን በእኛው ይወጣል። ይህን የሚያቀያይር ኮድ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፕሮግራመር እንደገና ይጽፈዋል። ማንም በእሱ ተፎካክሮ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. በኤምአይቲ ከፍተን ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያጋሩበት ጊትሃብ የተባለ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጥነው።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጀርመን አገር የሚማር አንድ የማናውቀው ልጅ ጻፈልን። ኮዳችን ጳጉሜን ስድስት የሚሆንበትን ዓመት እንደ ፈረንጁ ልማድ ለአራት ሲካፈል ያለ ቀሪ የሚደርስ ዓመት አድርጎ ነበር የሚያሰላው። እኛ ጋ ግን ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት የሚቀር ዓመት ላይ። 2015 ራሱ ሉቃስ ነበር። ልጁ ባያየው ኖሮ ሲስተማችን ጳጉሜን ስድስትን ዘሎ መስከረም አንድ ይል ነበር። የ2016 ደረሰኝና ሪፖርት ሁሉ ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ይዛባ ነበር። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። እንቁጣጣሽ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለደንበኞቻችን ሁሉ አደረስን።

ለመክፈት የሚመች ቁራጭ እንዲህ ያለ ነው። ሁሉም የሚያስፈልገው፣ ማንም የማይሸጠው፣ ሲሳሳት ሁሉንም የሚጎዳ። የቀን አቆጣጠር፣ ቁጥርን በአማርኛ ቃል መጻፍ፣ የአማርኛ ስም ፍለጋ ላይ "ሠ"ና "ሰ"ን፣ "ኀ"ና "ሀ"ን አንድ አድርጎ ማየት፣ ከክፍያ ሲስተሞች ጋር ማገናኛ። ይህን ብንከፍተው ሁላችንም እንጠቀማለን።

ከመክፈት የማይጠበቁ ነገሮች

"ብንከፍተው ሰው መጥቶ ይሠራልናል" የሚል ተስፋ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። የመድኃኒት መደብር ሲስተም ለማሻሻል ቅዳሜውን የሚሠዋ ሰው ጥቂት ነው። የሚመጣውንም ማስተናገድ ራሱ ሥራ ነው፤ ጥያቄ መመለስ፣ የላከውን ኮድ መመርመር፣ በትሕትና እምቢ ማለት። ሳምንታዊ ሰዓት ካልመደባችሁለት አትጀምሩት።

በልገሳ መኖርም አይታሰብ። ኦፕንኤስኤስኤል የኢንተርኔትን ግማሽ የሚጠብቅ ኮድ ሆኖ ሳለ እስከ 2014 ድረስ በዓመት ያገኝ የነበረው ልገሳ 2,000 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚያ ላይ ስትራይፕ የተባለው የኢንተርኔት ክፍያ ተቀባይ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ድርጅት ሒሳብ አይከፍትም፤ ከውጭ ተጠቃሚ ገንዘብ ለመቀበል ውጭ የተመዘገበ አጋር ያስፈልጋችኋል።

ደኅንነትስ? ክፍት ኮድ በራሱ አይጠበቅም፣ በራሱም አይዘረፍም። ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ለሁሉም በሚታይ ኮድ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጧል። የሚያድነው የሚመለከት ዓይን እንጂ መከፈቱ አይደለም። በሌላ በኩል ኮዳችሁ ቢታይ ሌባ የሚገባበት ከሆነ፣ ተዘግቶም ይገባበታል። ያንን መጀመሪያ አስተካክሉ።

ወደ ኋላ መመለስ

ዝግ የነበረን በፈለጋችሁት ቀን መክፈት ትችላላችሁ። የከፈታችሁትን ግን መዝጋት አይሆንም። የወጣው እትም በወጣበት ፈቃድ ለዘላለም ይኖራል፤ መቀየር የምትችሉት የሚቀጥለውን ብቻ ነው። የሰርቨር ማስተዳደሪያ መሣሪያዎች የሚሠራው ሃሺኮርፕ በኦገስት 2023 ፈቃዱን ሲቀይር የድሮው ኮድ ኦፕንቶፉ ሆኖ ተነሳበት። ሬዲስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር በማርች 2024 ሲቀይር ቫልኪ ወጣበት። ሬዲስና ኢላስቲክ ቆይተው ኤጂፒኤልን ከአማራጮቻቸው አንዱ አድርገው ተመልሰዋል፤ የወጣው ፎርክ ግን አልተመለሰም። እነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ ድንጋጤውን ቻሉት። ስድስት ሰው ያለው ድርጅት አይችለውም። ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ ቁራጭ ከፍታችሁ አንድ ዓመት እዩት።

ከመክፈታችሁ በፊት

ኮዱ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ውል ሌላ ካላለ በስተቀር፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ይህ ለቀጠራችኋቸው ፕሮግራመሮች ይጠቅማችኋል። አንድ ደንበኛ ከፍሎ አዝዞ ያሠራው ክፍል ላይ ግን ባለመብቱ ደንበኛው ሊሆን ይችላል። የድሮ ውሎቻችሁን አውጡና አንድ በአንድ አንብቡ። ውስጡ ያስገባችሁት የሌላ ሰው ኮድ ካለም ፈቃዱን እዩ።

ስሙን አስመዝግቡ። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። ከመክፈታችሁ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። የድረ ገጹ አድራሻም በድርጅቱ ስም ይያዝ፤ በአንድ ሠራተኛ ኢሜይል አይሁን።

የመጨረሻው የኮዱ ታሪክ ነው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለ መሣሪያ ያለፈውን ሁሉ ያስታውሳል። የቀን አቆጣጠሩን ኮድ ልንከፍት አንድ ቀን ሲቀረን ከመካከላችን አንዷ የድሮዎቹን ለውጦች ወደ ኋላ እየሄደች ስታይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የገባ አንድ የሙከራ ፋይል አገኘች። ውስጡ የአንድ ደንበኛ ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ነበር። ፋይሉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በታሪኩ ውስጥ ግን እንዳለ ተቀምጧል። የይለፍ ቃሉን ያን ዕለት ቀየርን። ከዚያ የድሮውን ታሪክ ትተን የዚያን ቀኑን ኮድ ብቻ በአዲስ ማኅደር አስገብተን ከፈትን። እናንተም ከአዲስ ማኅደር ጀምሩ።